ሳያዩ ለሚፈርዱ የጅማ ሊቃውንት

ከፈረንጅ አራዳ አንስቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ድረስ ባሉት ጀበና ቡናዎች ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ የሚሰየመው ችሎት እስካሁን ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። ዳኞቹ በስታር ትሬኩ ስፖክ ላይ ይፈርዳሉ፣ በባትልስታር ጋላክቲካዋ ስታርባክ ላይ ይፈርዳሉ (ሁለቱም የጠፈር ተከታታይ ፊልሞች ናቸው)፤ አንድ አልበም ከዳር እስከ ዳር ሳይሰሙ ከትልልቅ ኩባንያዎች ነጻ ነኝ ከሚለው ከኢንዲ ሮክ የትኛው ባንድ ለገንዘብ ብሎ «እንደተሸጠ» ይበይናሉ። ይግባኝ የለም። ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን እንደሆኑ ተጽፏል፤ ሳያዩ የሚፈርዱት የት ማዕረግ ላይ እንደሚቀመጡ መጽሐፍ አዋቂዎች ይንገሩን። እኛ ለጊዜው እጅ እንነሳለን።

ሥነ ሥርዓቱም የተለየ ነው። በአቦል ብይኑ ይሰጣል፣ በቶና ማስረጃ ይፈለጋል። ተከታታይ ፊልሙን ማየት የበረካ ነው፤ በረካ ላይ ደግሞ ሁሉም ሥራ ይዞታል። የተቀመጡበት የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ሦስት እግር ያወጣ ስለሆነ ወለሉ ቢጎረብጥም አይወላገድም። የእነሱ አስተያየት ግን በአንድ እግር፣ በ30 ሰከንድ የቲክቶክ ቁራጭ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የትኛው አናጢ ይህን ሠርቶ ያውቃል?

በርትተው የሚያዩም አሉ፤ የእነሱ ሙያ ይበልጣል። ፍላሻቸውን ይዘው ሄደው ተከታታዩን ያስጭናሉ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ይሰካሉ። ፋይሎቹ 01፣ 02 መባላቸው ቀርቶ 1፣ 2 ተብለው ከተሰየሙ ብዙ ቴሌቪዥን እንደ ፊደል ተራ ነው የሚደረድራቸው፤ ከ1 ቀጥሎ 10፣ 11፣ 12፣ 13 ካጫወተ በኋላ ወደ 2 ይመለሳል። በክፍል 11 የተቀበረው ሰውዬ በክፍል 2 ቁጭ ብሎ እራቱን ይበላል። ሌላ ሰው ቢሆን ፋይሉን ይጠረጥር ነበር። የኛ ሊቅ ግን «ደራሲው ጊዜን የሚያየው እንደ ክብ ነው፣ ሞትን ንቆታል» ብሎ አንድ ሳምንት ሙሉ ያስተምርበታል። ቁጥሮቹ ፊት ዜሮ መጨመር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ፍልስፍናው ግን አብሮ ይጠፋል።

በዚህ የሚስቅ ካለ ያስብበት። የአሜሪካው ፎክስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2002 ፋየርፍላይ የተባለውን የጠፈር ተከታታይ ሲያሳይ ገጸ ባሕርያቱን ለማስተዋወቅ የተሠራውን የመክፈቻ ክፍል ወደ መጨረሻ ገፍቶ፣ ከተሠሩት 14 ክፍሎች 11ዱን ብቻ አሳይቶ ነው የዘጋው። የኛ ፍላሽ ቢያንስ ሁሉንም ያሳያል።

ከፍላሹ የሚበልጥ መምህር ንግግሩን ከምስሉ ሥር የሚያስነብበው የግርጌ ጽሑፍ (ሰብታይትል) ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ለሚሄድ ቅጂ የተሰናዳ ጽሑፍ 23.976 በሚሄደው ላይ ሲጫን መጀመሪያ ምንም አይታወቅም። በ10ኛው ደቂቃ ግን ጽሑፉ ንግግሩን በ25 ሰከንድ ገደማ ይቀድማል፣ በ45ኛው ደቂቃ 110 ሰከንድ ያህል ጥሎት ይሄዳል። እዚህ ላይ ነው የስፖክ አለቃ ካፒቴን ከርክ ገና ያልተቆጣው ቁጣ ዝም ብሎ በቆመው በስፖክ ፊት ሥር የሚነበበው። ሊቁም ስኒውን አስቀምጦ «ስፖክ ስሜት የለውም የምትሉ አልገባችሁም፤ ሰውዬው ውስጡ እየነደደ ነው» ይላል።

የሚያናድደው ልክ መሆኑ ነው። በስታር ትሬክ የስፖክ አባት ወገኖች፣ ቩልካኖች፣ ስሜታቸውን የሚገቱ እንጂ የሌላቸው አይደሉም፤ የስፖክ እናት ደግሞ ሰው ናት። ሌላው 79ኙንም ክፍል አይቶ የሚደርስበትን ይኸኛው በተበላሸ ጽሑፍ በአንድ ማታ ደረሰበት። በቪዲዮ ማጫወቻው በቪኤልሲ ላይ የጂ እና የኤች ቁልፎችን እየነካካ ለማስተካከል የሚታገል ጓደኛ አይጠፋም፤ እነዚያ ቁልፎች ጽሑፉን ባለበት ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፉታል እንጂ ፍጥነቱን አይነኩትም፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይቀድማል። መፍትሔው የጽሑፉን የፍሬም ፍጥነት ወደ 23.976 መለወጥ ነው። ይህን ግን ለሊቁ መንገር ነውር ነው።

ስለ ስታርባክ የሚደረገው ክርክር አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978ቱ ባትልስታር ጋላክቲካ ገጸ ባሕርይው ወንድ ነበር፤ በ2003 በተዋናይቷ በኬቲ ሳክሆፍ ሴት ሆኖ መጣ።

«አቦ የድሮው ይሻላል!»

«የድሮውን አይተኸዋል?»

«እሱን ማን ያገኘዋል?»

«አዲሱንስ?»

«ተበላሽቷል እያልኩህ ላየው ነው እንዴ?»

ፋይል ተዘጋ።

ወደ ሙዚቃው ስንመጣ ችሎቱ ይከብዳል። ባንዱን ሦስት ሰው ካወቀው ጥሩ ነው፣ አራተኛው ሲሰማው ተበላሸ። ሊቁ፣ ሶኒክ ዩዝ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1990 ለትልቁ የሙዚቃ ኩባንያ ለጌፈን መፈረሙን የሰማው ገና ባለፈው ወር ቢሆንም ክህደቱን እንደ ትናንት ያለቅሰዋል። ኢንዲ ማለት ለእሱ የሚያዝን ጊታር ነው። በብሪታንያ ከ1980 ጀምሮ ይወጣ የነበረው የኢንዲ ሠንጠረዥ ግን የሚያየው የሸክላው ማከፋፈያ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ነጻ መሆኑን እንጂ የጊታሩን ሐዘን አልነበረም፤ በ1988 የፖፕ ዘፋኟ የካይሊ ሚኖግ የጭፈራ ዘፈኖች እዚያ ሠንጠረዥ ላይ ከነክብራቸው ተቀምጠው ነበር። ይህን ችሎት ውስጥ የሚያነሳ ሰው የቡና ሂሳቡን ቀድሞ ይክፈል።

ስለ ሎ ፋይ (ሻካራነቱ እንደ ውበት ስለሚቆጠር ቅጂ) ድምፅ ያላቸው ዕውቀት ግን ለብቻው ይመስገን። ታሪኩ የሚጀምረው ታስካም በ1979 ካወጣው፣ ተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ (ለየብቻ የሚቀዳ ድምፅ) ከሚቀዳው ፖርታስቱዲዮ ከተባለ ማሽን አካባቢ ነው። ማሽኑ ካሴቱን በእጥፍ ፍጥነት ያስኬዳል፤ ሦስቱ ትራክ ሲሞላ ወደ አራተኛው ይገለበጥና ሦስቱ እንደገና ይቀዳባቸዋል። በተገለበጠ ቁጥር የካሴቱ ሽሽ የሚል ድምፅ ይደራረባል፤ ያ ሽሽታ ነው በኋላ ውበት የተባለው። የሮክ ባንዱ ኒርቫናም ብሊች የተባለውን የመጀመሪያ አልበሙን ያስቀዳው በ606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ነው። የኛ ሰው ይህን ሁሉ ድካም በአንድ የተበጠሰ ሽቦ ተክቶታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጆሮ ማዳመጫ የግራ፣ የቀኝና የሁለቱ የጋራ መመለሻ ሽቦ አለው። ኪስ ውስጥ ሲተጣጠፍ ከመሰኪያው ሥር ቀድሞ የሚላላው ብዙ ጊዜ መመለሻው ነው። እሱ ሲበጠስ ግራና ቀኙ እርስ በርስ ተያይዘው ይቀራሉ፣ በሁለቱም በኩል እኩል የተቀዳው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። እኩል የሚቀዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ድምፃዊው፣ ቤዙና ትልቁ ከበሮ ነው። የሚተርፈው ዳርና ዳር የተቀመጠው ጊታርና የድምፁ ማስተጋባት ብቻ ነው። ባለቤቱም ዓይኑን ጨፍኖ «ድምፁን ሆን ብሎ ቀብሮታል፤ ንጹሕ ሎ ፋይ!» ይላል።

ለማረጋገጥ ከመሰኪያው ሥር ያለውን ሽቦ በሁለት ጣት ይዞ ቀስ አድርጎ ማጠፍ ይበቃል፤ ድምፃዊው ድንገት ከነቤዙ ብቅ ካለ ጥፋቱ የሽቦው ነው። የሚያጥፈው ሰው ግን ርቀቱን ጠብቆ ይቀመጥ። ዘፈኑ ሙሉ ሆኖ በተሰማ ቅጽበት ሊቁ ማዳመጫውን ከጆሮው ነቅሎ፣ «ምነው ወንድሜ! ኮሜርሻል አደረግከው እኮ!» ብሎ ይጮኻል።