ያ ወረቀት የሕዝብ ነው

ወገኖቼ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ ሁሉ፣ አንድ ቀን በመውጫ ሰዓት ወደ ጋራው ፕሪንተር ጎራ በሉና ከላዩ ተከምሮ የቀረውን ወረቀት አንሡ። አንድ በአንድ ግለጡት። የስብሰባ አጀንዳ ታገኛላችሁ፤ የመጀመሪያው ላይ ቀኑ ስለተሳሳተ ሁለት ጊዜ ታትሟል። የኢሜይል የመጨረሻ ገጽ ታገኛላችሁ፤ ከላኪው አድራሻ በቀር ምንም የለበትም። የኤክሴል ሠንጠረዥ ታገኛላችሁ፤ አንዲት ዓምድ ተርፋ ወደ ቀጣዩ ገጽ ስላለፈች 14 ገጽ የነበረው 28 ሆኖ ወጥቷል። ከሥሩ ደግሞ የሠራተኞች የደመወዝ ዝርዝር አለ፤ ማንም ሊያየው የማይገባው ወረቀት ከጠዋት ጀምሮ አላፊ አግዳሚው እያየው ውሏል። ነገ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ ሰብስባ ትጥለዋለች። በግብር ከፋዩ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ አንድም ሰው አላነበበውም።

«ይህቺማ ምን አላት» አትበሉ። ባለ 80 ግራም ኤ4 ወረቀት አንዱ ሉክ 5 ግራም ይመዝናል፤ 500 ሉክ የያዘው አንድ ደስጣ ሁለት ኪሎ ተኩል ነው። 4,000 ሠራተኛ ባለው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ሰው በቀን 5 ሉክ በከንቱ ቢያትም፣ በ220 የሥራ ቀናት 4,400,000 ሉክ ይጠፋል። ይህ 8,800 ደስጣ ነው፤ ሲመዘን 22 ቶን። ቶነሩ፣ ድራሙ (ምስሉን ወደ ወረቀቱ የሚያሳርፈው ሲሊንደር)፣ ጥገናው፣ ማጓጓዣውና መጋዘኑ ገና አልተቆጠረም።

ከሁሉ አብልጬ የምወቅሰው ግን ሳይቆጥር የሚገዛውን ነው። የዓመቱ የግዥ ዕቅድ ሲዘጋጅ ያለፈው ዓመት ቁጥር ይወሰድና ጥቂት መቶኛ ይጨመርበታል። ያለፈው ዓመት ቁጥርም ከካቻምናው በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ማሽኑን የጠየቀው የለም። በቢሮ ያለ ፕሪንተር ሁሉ ማለት ይቻላል በውስጡ ቆጣሪ አለው፤ ከሜኑው የሁኔታ መግለጫ ገጹን ብታትሙ እስከ ዛሬ ስንት ገጽ እንዳተመ፣ ብዙውን ጊዜም ስንቱ በጥቁር፣ ስንቱ በቀለም፣ ስንቱ ፊትና ጀርባ እንደሆነ ይነግራችኋል። በየወሩ የመጨረሻ የሥራ ቀን ይህን መዝግቡ፤ ካለፈው ወር ንባብ ስትቀንሱ የወሩ ፍጆታ ይወጣል። ቢያንስ ሦስት ወር ያዙ፤ ከሦስቱ አንዱ ሒሳብ የሚዘጋበት ወር ይሁን፤ የሕትመት ጫናው የሚታየው ያኔ ነው። ማሽኖቹ በኔትወርክ ከተያያዙ ኤስኤንኤምፒ በተባለው የኔትወርክ መሣሪያዎችን ከርቀት መከታተያ ሥርዓት አማካይነት የመቶዎቹን ቆጣሪ ከአንድ ቦታ ማንበብ ይቻላል። በዊንዶውስ የሕትመት ሰርቨር ላይ ደግሞ የሕትመት አገልግሎቱ ዝርዝር መዝገብ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ ክፈቱት። በቁጥር 307 የሚመዘገበው ክስተት ማን፣ በየትኛው ማሽን፣ ስንት ገጽ እንዳተመ ይይዛል። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ አንድ ሰው ባንድ ትእዛዝ 20 ኮፒ ሲያዝ ያ መዝገብ የአንዱን ኮፒ ገጽ ብቻ ሊጽፍ ይችላል፤ ስለዚህ ድምሩን ከማሽኑ ቆጣሪ ጋር አስተያዩት።

ከዚያ የግምጃ ቤቱን የወጪ ካርድ አምጡና ከጎኑ አስቀምጡ። አንድ ማሽን በሦስት ወር 9,000 ገጽ አትሟል እንበል። ካርትሬጁ 10,000 ገጽ ያትማል ተብሎ የተገዛ ነው። ግምጃ ቤቱ ግን ለዚያ ማሽን 3 ካርትሬጅ አውጥቷል። ሁለቱ ምን ሆኑ? መልሱ ከአራት አንዱ ነው። ወይ ቅጾቹ ቀለም ይጠጣሉ፣ ወይ ካርትሬጁ ሳያልቅ ይጣላል፣ ወይ በደንብ ያልተሞላ ቶነር ውስጥ ውስጡን ይፈስሳል፣ ወይ ካርትሬጁ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። የየአንዳንዱ መድኃኒት ለየብቻ ስለሆነ ሳይለዩ ሁሉንም ሠራተኛ መቆጣት ከንቱ ድካም ነው።

መጀመሪያውን ልግለጥ። በካርትሬጁ ሣጥን ላይ ያለው የገጽ ብዛት አይኤስኦ 19752 በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ የተገኘ ነው፤ የመለኪያው ገጽ ደግሞ ቶነር የሚያርፍበት ከመቶ 5 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ተራ ደብዳቤ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ራስጌው በጥቁር የተሞላ፣ ሣጥኖቹ በግራጫ የተቀቡ ቅጽ ግን 20 እጅ ቢሸፍን 10,000 የተባለው 2,500 ይሆናል። ያን ቅጽ አንድ ሰው አንድ ቀን አሳምሮ ነደፈው፤ ከዚያ ወዲህ በየቅርንጫፉ በሺዎች ይታተማል። ግራጫውን ነቅሎ በቀጭን መስመር መተካት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በብዛት የሚታተሙትን አሥር ቅጾች መርምሩ፤ ያለ አንዳች ግዥ የሚገኝ ትልቅ ቁጠባ ከዚያ ይጀምራል።

ሁለተኛው ያሳዝነኛል። በማሽኑ መስኮት ላይ «ቶነር አነስተኛ ነው» የሚል ጽሑፍ ይወጣል፤ ጸሐፊው ወዲያው አዲስ ያስወጣል፤ አሮጌው ወደ ቅርጫት ይገባል። ያ ጽሑፍ በአብዛኛው ግምት ነው፤ ማሽኑ የተታተመውን ነጥብና ገጽ አስልቶ ነው የሚናገረው። ለአብዛኞቹ ጥቁር ካርትሬጆች እንዲህ አድርጉ፦ አውጡት፣ በሁለት እጅ አግድም ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አምስት ስድስት ጊዜ በቀስታ አወዛውዙት፣ ድራሙን በጣት ሳትነኩ መልሱት። አንድ ጎን ተከምሮ የቀረው ዱቄት ይስተካከላል። የሚቀየረው ፊደሉ ሲደበዝዝ ወይም ነጭ ሰረዝ ገጹን ከላይ እስከ ታች ሲያቋርጠው ነው። ተለዋጩ በመጀመሪያው ማስታወቂያ ቀን ከግምጃ ቤት ይውጣ፤ የሚከፈተው ግን ፊደሉ ሲደበዝዝ ይሁን። ዱቄቱ ከፈሰሰም በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ልብስ ላይ ካረፈ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፤ ሙቅ ውሃ ያጣብቀዋል።

አሁን ወደ ኃላፊዎች ልመለስ። ስድስት ሰው በተቀመጠበት ክፍል ስድስት ፕሪንተር፣ ስድስቱም ስድስት ዓይነት፣ ለምን? ትንሹ ፕሪንተር ሲገዛ ይረክሳል፤ ገጹ ግን ውድ ነው። አብሮት የሚመጣው ካርትሬጅ እንኳ ብዙ ጊዜ ሙሉ አይደለም። ጨረታ ስታወጡ የማሽኑን ዋጋ ብቻ አታወዳድሩ። የካርትሬጁን ዋጋ ለሚያትመው ገጽ አካፍሉ፤ ድራሙንና ፊውዘሩን (ቶነሩን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀውን ክፍል) ለየዕድሜያቸው አካፍሉ፤ ወረቀትና ጥገና ጨምሩ። የአንድ ገጽ ዋጋ ይህ ነው። ከቆጣሪ ባገኛችሁት የራሳችሁ የአምስት ዓመት የገጽ መጠን አባዙትና የማሽኑን ዋጋ ጨምሩበት፤ ያኔ አሸናፊው ብዙ ጊዜ ሌላ ይሆናል። አምራቹ «በወር እስከዚህ ያትማል» ብሎ የሚጽፈውም ከፍተኛ ቁጥር አያታልላችሁ። እርሱ ማሽኑ የሚችለው ጣሪያ ነው፤ በየወሩ እንዲሠራ የሚመከረው መጠን ከዚያ እጅግ ያነሰ ሲሆን በሌላ መስመር ተጽፎ ይገኛል። በጣሪያው የገዛ ሰው ሮለርና ፊውዘር ሲቀይር ይከርማል።

ከየጠረጴዛው ሰብስባችሁ በጋራ ማሽን ስትተኩ ሁሉንም በአንድ ሚዛን አትመዝኑ። ባለጉዳይ ቆሞ የሚጠብቅበት መስኮት፣ ገንዘብ ቤትና ለመራመድ የሚቸገር ሠራተኛ ያለበት ክፍል የራሳቸው ይኑራቸው። ለሌላው ሠራተኛው መታወቂያውን ማሽኑ ላይ ሲያስጠጋ ብቻ የሚያትም ሥርዓት አስገቡ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልተጠየቀ ሕትመት ራሱ ይሰረዝ። ያ በመውጫ ሰዓት የሚቀረው ክምርም፣ የደመወዝ ዝርዝሩም ጣጣ በዚህ ይቀላል። የሁሉም ማሽን መነሻ ቅንብር ፊትና ጀርባ፣ ጥቁርና ነጭ ይሁን፤ ቅንብሩን ከማዕከል ስጡ እንጂ በየሠራተኛው ፈቃድ አትተዉት። በገጽ የሚከፈል ውል ካላችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በጥቁር ጽሑፍ መካከል ያለች አንዲት ሰማያዊ ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ገጹን በሙሉ የቀለም ገጽ ታደርገዋለች፤ የቀለም ገጽ ክፍያም የጥቁሩ ብዙ እጥፍ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ በጥቁር የሚታተም አንድ ቅጂ ይኑረው።

ረቂቅስ? 40 ገጽ ሰነድ ለ12 የኮሚቴ አባላት ሦስት ጊዜ እየታረመ ሲታደል 1,440 ገጽ ነው፤ በአንድ ፊት ብቻ ከታተመ ሦስት ደስጣ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ረቂቁን በኢሜይል አዙሩ፤ የመጨረሻውን ብቻ ፊትና ጀርባ ብታትሙ 240 ሉክ ይበቃል። ለደብዳቤውም «ግልባጭ» ተብለው ከሚዘረዘሩት ውስጥ ስንቱ ወረቀቱን ይፈልጋል? ለማሳወቅ ብቻ የሚላከው በስካን ይሂድ። የ120 ገጽ መመሪያ በ300 ኮፒ በጠረጴዛ ፕሪንተር ማተም ደግሞ ማሽን መግደል ነው፤ 36,000 ገጽ ወደ ማባዣ ማሽን ወይም ወደ ማተሚያ ቤት ይላክ።

ወረቀቱን በሲሚንቶ ወለል ላይ አትደርድሩት። እርጥበት ይስባል፤ ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋው ፊውዘር ሲያልፍ ይጠቀለልና ማሽኑ ውስጥ ይያዛል፤ ከዚያ ጥፋቱ በማሽኑ ይላከካል። ከእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከነማሸጊያው ይቀመጥ።

አንድ ቁጠባ ግን ቁጠባ አይደለም። ኮታ ተጥሎ ወረቀት ሲያልቅ ባለጉዳዩን «ውጭ ሂድና ኮፒ አድርገህ አምጣ» ማለት ወጪውን በድሃ ኪስ ላይ መጫን ነው። ይልቁንም ያው መሥሪያ ቤት ራሱ የሰጠውን ማስረጃ ኮፒ ለምን ትጠይቁታላችሁ? መዝገባችሁ ውስጥ አለ፤ ከዚያ አውጡት። እናንተም ባለጉዳዮች፣ ይህን ስትጠየቁ ዝም ብላችሁ አትሂዱ፤ የሚጠይቀው መመሪያ የትኛው እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ።

የበጀት ዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ ደግሞ ገንዘቡ እንዳይመለስ ተብሎ ቶነር በጅምላ ይገዛል። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል። ማሽኖቹ ተበላሽተው ከተወገዱ በኋላ ለእነርሱ የተገዛው ካርትሬጅ ሳይከፈት መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ለሌላ ሞዴል አይገባም፣ ኦዲተር ሲመጣ ብቻ ይቆጠራል። የግዥ ጥያቄ ላይ የምትፈርሙ ሆይ፣ ቀጣዩ ሲቀርብላችሁ ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ የሦስት ወር የቆጣሪ ንባብ፣ የግምጃ ቤቱ የወጪ ካርድ፣ በሥራ ላይ ያሉት ማሽኖች ዝርዝር በየሞዴላቸው። አንዱ ከጎደለ አትፈርሙ፤ ጥያቄውን ወዳመጣው ክፍል መልሱት።