ባንድን ከባንድ ሳይሆን ማታን ከማታ እናወዳድር

የድሮ ሃርድ ሮክ የሚወዱ ሰዎች ከተገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ነው የሚያርፈው፣ ከላይቭ አልበሞች (ኮንሰርት ላይ ከተቀዱት) ሁሉ ምርጡ የቱ ነው የሚለው ላይ። አንዱ የዲፕ ፐርፕል ሜድ ኢን ጃፓን ይላል፣ ሌላው የዘ ሁ ላይቭ አት ሊድስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፣ ሦስተኛው ደሞ ቲን ሊዚን ወይ ዩኤፍኦን ይዞ ይመጣል፣ ከዛ ክርክሩ ይጦፋል። ክርክሩን እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ባንድን ከባንድ ጋር እያፋጠጥን የምናወዳድረው ነገር የትም አያደርሰንም ባይ ነኝ። የዲፕ ፐርፕሉን ዘፋኝ የኢያን ጊላንን ድምጽ ከዘ ሁ ዘፋኝ ከሮጀር ዳልትሪ ድምጽ ጋር አስቀምጦ ማን ይበልጣል ማለት መጨረሻው የግል ምርጫ ነው፣ አለቀ። ትልቁ ነገር ያለው አንድ ባንድ አንድን ዘፈን ዛሬ ማታ እንዴት ተጫወተው፣ በነጋታው ማታስ ምን ቀየረበት የሚለው ላይ ነው።

ሜድ ኢን ጃፓንን እንውሰድ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የተቀዳው በ1972 ነው፣ ኦገስት 15 እና 16 ኦሳካ፣ 17 ደሞ ቶኪዮ ቡዶካን አዳራሽ። ከሦስቱ ማታ ለአልበሙ የተመረጡት ሰባት ዘፈኖች ሲሆኑ አራቱ ከ16ቱ ማታ ናቸው፣ ሁለቱ ከቶኪዮ፣ ከመጀመሪያው ማታ ደሞ የተወሰደው ስሞክ ኦን ዘ ዋተር ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ እንደ አንድ ኮንሰርት የለመድነው ነገር በዛ ቅደም ተከተል በአንድ ማታ የሆነ አይደለም። በ1993 የሦስቱም ማታ ቀረጻ አብዛኛው በሦስት ሲዲ ሲወጣ ነው ነገሩ የተከፈተው፣ ምክንያቱም ያኔ ሰው አንዱን ዘፈን ሦስት ጊዜ ጎን ለጎን መስማት ቻለ። ስትሬንጅ ካይንድ ኦፍ ዉማን ላይ ሪቺ ብላክሞር በጊታሩ አጭር ዜማ ይወረውራል፣ ጊላን ያቺኑ በድምጹ ይመልሳታል፣ ከዛ ትንሽ ከበድ ያለ ይመጣል፣ እሱንም ይመልሳል፣ እንዲህ እየተባባሉ ወደ ላይ ይወጡና ጊላን በረጅም ጩኸት ይዘጋዋል። ይሄ ጨዋታ በየማታው አለ፣ የሚወረወረው ግን አንድ አይነት አይደለም፣ አንዱ ማታ ላይ ብላክሞር ምን ይዞ እንደሚመጣ ጊላንም አያውቅም፣ እኛም አናውቅም። ስፔስ ትራኪን ስቱዲዮ ላይ አራት ደቂቃ ተኩል አካባቢ የነበረ ዘፈን ነው፣ እዛ ግን ሃያ ደቂቃ ገደማ ይሄዳል፣ እና የጨመረው አሥራ አምስት ደቂቃ በየማታው አዲስ የሚሠራ ነው። ይሄን ከሌላ ባንድ ጋር አወዳድሮ ነጥብ መስጠት ለኔ ዋናውን ነገር ማለፍ ነው።

ሌድ ዘፕሊን ላይ ሲመጣ ደሞ ልዩነቱ የበለጠ ይጎላል። በ1976 የወጣው ዘ ሶንግ ሪሜይንስ ዘ ሴም የተቀዳው በ1973 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በሦስት ማታ ነው፣ የቱሩ የመጨረሻዎቹ ኮንሰርቶች ናቸው፣ ድካሙም ይሰማል፣ በተለይ የዘፋኙ የሮበርት ፕላንት ድምጽ ላይ። ለብዙ ዓመት ዘፕሊን ላይቭ ላይ ያን ያህል ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይቆጨኝ የነበረው ለዚህ ነው፣ የሰማው እሱን ብቻ ስለሆነ። በ2003 ሃው ዘ ዌስት ዋዝ ወን ሲወጣ ግን በ1972 ጁን ላይ ሎስ አንጀለስ እና ሎንግ ቢች የተጫወቱት ተሰማ፣ ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ ሃያ አምስት ደቂቃ፣ ጆን ቦናም ድራሙን እንደዛ ሲነዳው፣ ፕላንትም ከላይ ያለውን ኖታ ሳይፈራ ሲይዘው። አንድ ዓመት ብቻ ነው በመሃላቸው ያለው። እርግጥ ይሄኛውም ከሁለት ኮንሰርት ተለቃቅሞ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ አክራሪዎቹ ፋኖች ሙሉውን ማታ ፍለጋ ወደ ቡትሌግ (ያለ ባንዱ ፈቃድ ወደሚዞር ቀረጻ) ይሄዳሉ፣ አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ብዙ ላይቭ አልበም ላይቭ ብቻ አይደለም፣ ባንዱ ስቱዲዮ ተመልሶ ያበላሸውን ያስተካክላል፣ ድምጽ ይደግማል፣ ጊታር ይጨምራል። ኪስ የተባለው ባንድ ያወጣው አላይቭ እንደዛ ነው፣ የጁዳስ ፕሪስት አንሊሽድ ኢን ዚ ኢስት ላይም የሮብ ሃልፎርድ ድምጽ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተደገመ ነው፣ ስሙን አጣመው አንሊሽድ ኢን ዘ ስቱዲዮ ያሉት ፋኖች በከንቱ አይደለም። የቲን ሊዚ ላይቭ ኤንድ ዴንጀረስ ደሞ እስካሁን ያጣላል፣ ፕሮዲዩሰሩ ቶኒ ቪስኮንቲ አብዛኛው ስቱዲዮ ነው ይላል፣ ጊታሪስቱ ብራያን ሮበርትሰን ደሞ ይሄን ሽንጡን ገትሮ ይክዳል። እኔ ማስተካከሉ ራሱ ኃጢአት ነው አልልም፣ ማይክ ተበላሽቶ የጠፋ ድምጽ ቢተካ ምንም አይደለም፣ ግን የተደገመው ምኑ እንደሆነ ሽፋኑ ላይ ይጻፍ፣ ምን ይከብዳል? ፋን ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛው ያቺን ማታ ነው። በ2023 የላይቭ ኤንድ ዴንጀረስ ምንጭ የሆኑት ኮንሰርቶች በስምንት ሲዲ ሲወጡ ቢያንስ በራሳችን ጆሮ መፍረድ ቻልን፣ ዩኤፍኦም በ2020 የስትሬንጀርስ ኢን ዘ ናይትን የ1978 ኮንሰርቶች ስድስቱን አውጥተዋል፣ ሮክ ቦተም የሚለውን ዘፈን ስድስት ጊዜ መስማት ማለት ጊታሪስቱ ማይክል ሼንከር ሶሎውን በየማታው ከባዶ ሲገነባው ማየት ነው። ይሄ ሁሉ የወጣው ፋኖች ሙሉውን ስጡን እያሉ ለዓመታት ስለጨቀጨቁ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ማወዳደሩ ትርፍ የለውም የሚል ሰው አልሰማም።

ማወዳደር ግን ወግ አለው። መጀመሪያ ቮልዩሙን እኩል አድርጉ፣ ከፍ ያለው ቀረጻ ሁሌም የተሻለ ይመስላል፣ አዲስ ሪማስተር (ድምጹ እንደገና ተስተካክሎ የወጣ) ድሮ ከወጣው በለጠ የምንለው ግማሹ ጊዜ ስለጮኸ ብቻ ነው። ከሚክሰር የተቀዳና ከሕዝቡ መሃል በካሴት የተቀዳ ሲሆን ደሞ በጥራት አታወዳድሯቸው፣ አንዱ መድረኩን ነው የሚያሰማው ሌላው አዳራሹን። እና ያን ማታ እኮ እንዴት በፍጥነት ተጫወቱ ከማለታችሁ በፊት የዘፈኑን ኪይ (የዜማውን የድምጽ ከፍታ) ከሌላ ቀረጻ ጋር አስተያዩ፣ የመቅረጫው ባትሪ ሲደክም ቴፑ እየዘገየ ይቀዳል፣ በትክክለኛ ፍጥነት ሲከፈት ደሞ ሁሉም ነገር ይፈጥናል ድምጹም ይቀጥናል። ባትሪው ለሠራው ድራመሩን ሲያመሰግኑት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ።

የዘ ሁ ነገር ግን ከሁሉም ይለይብኛል። በ1969 አሜሪካ ቱር ላይ ብዙ ኮንሰርት አስቀድተው ነበር፣ ጊታሪስቱ ፒት ታውንሸንድ ራሱ እንደተናገረው ያን ሁሉ ቴፕ ቁጭ ብሎ መስማት ሲያቅተው አቃጥሉት አለ፣ ተቃጠለ። ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ኪት ሙን በዛ ዕድሜው ድራሙን ይዞ በየከተማው የሠራው ነገር እኮ ነው። በሱ ፋንታ በ1970 ፌብሩዋሪ 14 ሊድስ ዩኒቨርሲቲ፣ በነጋታው ደሞ ሃል ከተማ ቀዱ። ከሁለቱ የሊድሱ የተመረጠው የሃሉ ቴፕ መጀመሪያ ላይ የጆን ኤንትዊስል ቤዝ ሳይቀዳ ስለቀረ ነው፣ ባንዱ ያን ማታ አንሶ አይደለም። አልበሙ በስድስት ዘፈን ወጣና ታሪክ ሠራ፣ ሃል ግን ለብቻው የወጣው በ2012 ነው፣ የጎደለውን ቤዝ ከሊድሱ ቀረጻ አምጥተው ገጥመውበት። ስሙት፣ የሊድሱ የሚፈነዳ ነው፣ የሃሉ ለኔ ይበልጥ ሰፋ ያለና የተረጋጋ ሆኖ ይሰማኛል። የኤንትዊስልን አጨዋወት በሁለቱ ማታ ለማወዳደር የምትፈልጉ ግን የሃልን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዘፈኖች ዝለሏቸው፣ እዛ ላይ የምትሰሙት ቤዝ የሊድሱ ራሱ ነው።