ክታቡን አትፍቱት

እስቲ ዛሬ ደግሞ ኤክሴልን እናመስግን። ባንካችን ትልቁን ሲስተም በውጭ ምንዛሪ ገዝቷል፣ አማካሪ ቀጥሮለታል፣ ሪባን ቆርጦለታል። የስጋት ስሌቱ ግን ዛሬም የሚሠራው አንዲት ላፕቶፕ ላይ ነው። ደግ አደረገ፤ ቤት ያፈራው ይሻላል።

ፋይሉ ስሙ «የመጨረሻ» ነበር። ከዚያ «የመጨረሻ 2» መጣ። አሁን የምንሠራው «ትክክለኛው የመጨረሻ» በሚለው ነው። የሠራው ልጅ ደመወዝ ተሻሽሎለት ሌላ ባንክ ገብቷል። ፋይሉ ለእኛ ክታብ ሆኖ ቀረ፦ አንገት ላይ ማሰር እንጂ መፍታት የለም።

አንዲት አዲስ ገቢ ፈታችው። የኤልሲ (ለአስመጪዎች ክፍያ ዋስ የምንሆንበት ሰነድ) ግዴታችን የሚሰላበት ፎርሙላ መሀል ዶላር በ57 ብር ቁጭ ብሏል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይተመን ተብሎ በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር ሲያልፍ አገር ምድሩ ሰምቷል። ያቺ ሴል ብቻ አልሰማችም። እንዲህ ያለ ጽናት ከየት ይገኛል! አለቃችን ግን ልጅቷ ላይ ጮኹ፦ «ማን ንኪው አለሽ?»

ቅኔ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ባንክ ባርክሌይስ የከሰረውን የአሜሪካ ባንክ የሌማን ብራዘርስን ንብረት ሲገዛ፣ የማይፈልጋቸው 179 ውሎች ኤክሴል ሠንጠረዡ ውስጥ ተደብቀው ነበር። ጠበቆቹ ፋይሉን ወደ ፒዲኤፍ ሲቀይሩት ወርቁ ከሰሙ ወጥቶ ፍርድ ቤት ደረሰ።

የአሜሪካው ባንክ ጄፒ ሞርጋን ደግሞ መድኃኒት አዋቂ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የለንደን ንግዱ ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያከስረው፣ ለአዲሱ የስጋት መለኪያ ቁጥሩ የሚሞላው ኤክሴል ላይ በእጅ፣ በኮፒ ፔስት ነበር። አንዷ ፎርሙላ ለአማካዩ ማካፈል ሲገባት ለድምሩ አካፈለች። የገበያው መዋዠቅ በወረቀት ላይ በግማሽ ቀነሰ። የትኛው ጠበል እንዲህ ያደርጋል?

ኢንሹራንስ የምትሠራ ወዳጄ ግን ከሁሉም «ጎል ሲክ» የሚባለውን የኤክሴል መሣሪያ ትወዳለች። የምትፈልገውን ውጤት ትነግሪዋለሽ፤ ምክንያቱን እሱ ፈልጎ ያመጣልሻል። የካሳ መጠባበቂያው ከበዛ «ሥራ አስኪያጁ ስንት ይሁን አሉ?» ብቻ ነው ጥያቄው። ትሕትና ይሉሃል ይሄ ነው።

የእኛዋን ልጅ ጉዳይ ልጨርስ። 57ቱን በዕለቱ ምንዛሪ ተካችው፤ አረንጓዴው ሺት ቀይ ሆነ። ቦርድ ስብሰባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። 57ቱ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ ፋይሉም በፓስወርድ ተቆለፈ። ፓስወርዱ እንዳይጠፋ አለቃችን ሌላ ኤክሴል ላይ ጽፈውታል። እሱም ተቆልፏል።