ለክቡር ተለዋጭ ቀጠሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፦

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 94 ለፍትሕ ጥቅም ሲባል ብቻ እንዲመጡ ፈቅዶልዎት ሳለ፣ እርስዎ ግን ሳይጠሩ የሚመጡ እንግዳ ስለሆኑ፣ ስለ ትናንቱ መስተንግዶ በጽሑፍ ላመሰግንዎ ወደድሁ።

መጥሪያው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካልቀረብሁ ታስሬ እንደምቀርብ ስለሚያስታውቅ፣ የተኝቶ ታካሚዎቼን የጠዋት ጉብኝት በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ላሉ ሐኪሞች ትቼ በሰዓቱ ደረስሁ። የተጠራሁት የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው አንድ ልጅ ወንጀሉ ተፈጸመ በተባለበት ቀን 15 ዓመት ሞልቶት እንደሆነ በባለሙያነት እንዳስረዳ ነበር፤ ከዚያች ቁጥር ወዲህና ወዲያ ያለው ቅጣት ለየቅል ነውና። የልጁን የግራ እጅ ራጅ አስነሥቼ፣ ከ1931 እስከ 1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ኑሮ ከደላቸው ቤተሰቦች ልጆች ራጅ ከተዘጋጀ የአጥንት ዕድገት ማመሳከሪያ አትላስ ጋር አስተያይቼ፣ ዕድሜው ከ13 እስከ 16 እንደሚገመት ጽፌያለሁ። በቂ ምግብ ሳያገኝ ያደገ ልጅ አጥንቱ ከዕድሜው ወደ ኋላ ሊቀር ስለሚችል፣ ግምቱን ከዚህ አጥብቤ ብጽፍ በሐሰት መመስከር እንደሚሆንብኝም አክያለሁ። በአግዳሚው ላይ የቆየሁት ይህን ለመናገር ነው። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስሜ ተጠራ፤ ገብቼ ቃለ መሐላ ልፈጽም ቀኝ እጄን እንዳነሣሁ፣ ልጁን የሚያመጣው መኪና ነዳጅ ስለሌለው ተከሳሽ አልቀረበም ተባለ። እጄን እንዳወርድ ታዘዝሁ። የችሎቱ ጸሐፊም በሩ ድረስ ተከትለውኝ፣ «ዶክተር፣ ለሚቀጥለው ሰዓት ያክብሩ፤ ዕድሜውንም እቅጩን ጽፈው ይምጡ» አሉኝ።

ዳኛ ባለመሟላቱ፣ መዝገብ ባለመገኘቱና መብራት በመጥፋቱ የተገናኘንባቸውን ጊዜያት አላነሣም። የምስክር አበሌንም ቅጹን የሚፈርሙት ሰው ከስብሰባ ሲወጡ እንነጋገርበታለን።

ልጁ ግን እስካሁን የሚያድረው ከጎልማሶች ጋር በአንድ ክፍል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው እንዲያዙ ሲደነግግ፣ ነዳጅ እስኪገኝ ድረስ ይታገሡ አላለም። ራጅ ሊነሣ ሲመጣ ጣቶቹን እከክ ወርሷቸው ነበር፤ መድኃኒት ሰጥቼ ወደዚያው ክፍል መልሼዋለሁ፤ ከዚያው ክፍል እንደገና እንደሚይዘው ለማወቅ የባለሙያ ምስክር አያስፈልግም። እናቱ ትናንት የምሳ ዕቃ ይዘው ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። ምን እንበላቸው ክቡር?

ሕጉ የሚጠይቀው የዚያን ቀን ዕድሜ ቢሆንም፣ አጥንት ችሎት እስኪሰየም ቆሞ አይጠብቅም፤ እርስዎ በተመላለሱ ቁጥር ግምቴ የሚመለስበት መንገድ ይረዝማል። ስለዚህ ችሎቱ በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ራጅ ማዘዙ እንደማይቀር ገምቼ ዛሬ ጠዋት ወደ ሆስፒታላችን ራጅ ክፍል ወረድሁ፤ ፊልም ስላለቀ እነርሱም ተለዋጭ ቀጠሮ ሰጥተውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሕፃናት ሐኪም