የክራይፍ ሁለት መስመሮች

እ.ኤ.አ. በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ የኔዘርላንድስ ተጫዋቾች እጅጌው ላይ ሦስት መስመር ያለበትን የአዲዳስ ማሊያ ለብሰው ሲሰለፉ፣ ዮሃን ክራይፍ ብቻ ባለ ሁለት መስመር ለበሰ። ውሉ ከፑማ ጋር ስለነበር የተፎካካሪውን ምልክት አልለብስም ብሎ ነው። ዛሬ ያንን ማሊያ አስመስሎ ሰፍቶ መሸጥ የሚፈልግ ሰው ግን ሁለቱን መስመሮች ከመስፋቱ በፊት ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል።

ብርቱካናማው ቀለም አያሳስበውም። በአውሮፓ ኅብረት የተመዘገበ ንድፍ ቢበዛ የሚጠበቀው ለ25 ዓመት ነው፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ስፌት በንድፍ መብት አይታገድም። ደረቱ ላይ ያለው አንበሳ ግን የእግር ኳስ ማኅበሩ አርማ ነው፤ የንግድ ምልክት ደግሞ በየ10 ዓመቱ እየታደሰ ማለቂያ የለውም።

መስመሮቹስ? አዲዳስ ባለ ሁለት መስመር ልብስ በሚሸጡ ድርጅቶች ላይ እዚያው ኔዘርላንድስ ውስጥ ተሟግቷል። ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፍርድ ቤቱ በ2008 «እንዲህ ያለ ቀላል ጌጥ ለሁሉም ነጋዴ ክፍት ሊሆን ይገባል» የሚለው መከራከሪያ የሦስት መስመሩን የንግድ ምልክት ጥበቃ እንደማያጠብብ ወሰነ። ከሦስቱ መስመሮች ለመሸሽ የተሰፋው ሁለት መስመር የሦስቱን ባለቤት ክስ ሊጠራ ይችላል ማለት ነው። ይህ ከልክ ያለፈ ነው፤ እንዲህ ያለ ጌጥ በአንድ ኩባንያ እጅ መግባት የለበትም።

በአርማው ጉዳይ ግን ከክለቦች ጎን ነኝ። ከ1970 ጀምሮ በአርሰናል ስታዲየም ደጃፍ የክለቡን ስምና አርማ የያዙ ዕቃዎች የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ነበር። ዕቃዎቹ የክለቡ እንዳልሆኑ የሚገልጽ ጽሑፍም ለጥፎ ነበር። ክለቡ ከሰሰው፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2002፣ የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደግሞ በ2003 ለአርሰናል አደሉ። ብዙ ደጋፊ ፍርዱን አልወደደውም። እኔ ግን ትክክል ነበር እላለሁ፤ ማስታወቂያውን ያነበበው በዚያ ሱቅ የቆመው ገዢ ብቻ ነው፣ ዕቃው በስጦታ የደረሰው ሰው አያየውም። «ሬትሮ» (የድሮውን አስመስሎ የተሠራ) የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ ፈቃድ አይተካም።

የሚያስቆጨኝ የተተወው አርማ ነው። አርሰናል ራሱ በ2002 አርማውን የቀየረበት አንዱ ምክንያት አሮጌውን በሕግ ማስጠበቅ አስቸጋሪ ስለሆነበት ነበር። ሌሎች ክለቦች ግን ለዓመታት ያልተጠቀሙበትን አርማ በመዝገብ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ማሊያውን አይሠሩትም፣ ለሚሠራውም ፈቃድ አይሰጡም። በኅብረቱ ሕግ 5 ዓመት በተከታታይ ያልተሠራበት ምልክት ሊሰረዝ ይችላል፤ ሆኖም ስረዛውን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ክርክሩም ገንዘብ ይፈልጋል። አንድ ትንሽ ልብስ ሰፊ ይህን አቅም ከየት ያመጣል? በአሜሪካ ባለቤቱ ምልክቱን ሲያድስ ገበያ ላይ እየተጠቀመበት መሆኑን ማሳየት አለበት። አውሮፓም ይህን ቢከተል ሸክሙ ከልብስ ሰፊው ወደ ክለቡ ይዞራል። በእርግጥ በአርማው ሥዕል ላይ ያለው የቅጂ መብት ይቀራል፤ እርሱ ሠዓሊው ከሞተ በኋላም 70 ዓመት ይቆያል።

ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ የ1974ቱን ማሊያ የሚሰፋ ሰው ብርቱካናማውን ጨርቅ ይያዝ፤ አንበሳውንና የክራይፍን ስም ይተው፤ እጅጌውንም ያለ መስመር ይስፋው።