ጎተራው ከመታሸጉ በፊት ዘሩ ይለይ

በገበሬ ላይ የዕዳ ፍርድ ያገኘ ብልህ ባለገንዘብ የአፈጻጸም ማመልከቻውን፣ ማለትም ገንዘቡ ከባለዕዳው ንብረት ተሸጦ ይከፈለኝ የሚልበትን፣ የሚያስገባው ጥር ላይ ነው። እህሉ ከአውድማ ጎተራ ገብቷል፤ በሬው ሥራ ፈትቶ ደጅ ታስሯል፤ ሁሉም ይቆጠራል። ዝርዝሩ ይጻፋል፦ ሁለት በሬ፣ አንድ አህያ፣ አሥራ ሁለት በግ፣ ስምንት ኩንታል ገብስ። ፍርድ ቤቱ ይያዝ ብሎ ያዛል፣ ይገመታል፣ የሐራጅ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ገሚሱ ከመጀመሪያውም ሊያዝ የማይገባው ንብረት መሆኑን የሚናገር ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሕጉ አዲስ አይደለም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 404 ለዕዳ የማይያዙ ንብረቶችን ዘርዝሯል። የባለዕዳው፣ የትዳር ጓደኛውና የልጆቹ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃና መኝታ አይነካም። የሙያ መሣሪያም እንደዚሁ፤ ለደብረ ብርሃኑ ሸማኔ የሽመና ዕቃው፣ ለአናጢው መጋዙና መላጊያው ማለት ነው። ባለዕዳው ገበሬ ከሆነ ለኑሮው ያስፈልጋሉ ተብለው የሚታመንባቸው ከብቶችና የዘር እህል ይተውለታል። ለእሱና ለቤተሰቡ የሦስት ወር ቀለብም አለ።

ይህን ወደ ኩንታል እንመልሰው። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ቢታሰብ ለሦስት ወር 270 ኪሎ ይፈልጋል። አንድ ሄክታር ገብስ በእጅ ተበትኖ ለመዝራት ወደ 125 ኪሎ ዘር ይሄዳል። ሲደመር 395 ኪሎ፣ ማለትም አራት ኩንታል ገደማ ነው። ስለዚህ ከስምንቱ ኩንታል ለባለገንዘቡ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው። ምንጃር ላይ ጤፍ የሚዘራ ከሆነ ዘሩ በጣም ያንሳል፣ ሒሳቡም ይለወጣል። ለዚህ ነው «ዘር ይተውለት» የሚል ደረቅ ትእዛዝ የማይበቃው፤ የምን ዘር፣ ለስንት ጥማድ (ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው) መሬት፣ ስንት ኪሎ ተብሎ መጻፍ አለበት።

በሬው ላይ ክርክሩ ይጠነክራል። ሕጉ ቁጥር አላስቀመጠም፤ ለፍርድ ቤቱ አስተያየት ትቶታል። የባለገንዘብ ጠበቃ ታዲያ «አንድ በሬ ይበቃዋል፣ ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል» ይላል። መቀናጆ፣ አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች አጣምረው በተራ ማረሳቸው፣ በአገሩ ያለ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ሰዎች የሚያርሱት በአንድ ሳምንት በአንድ ዝናብ ነው፣ ተራው ደግሞ መጀመሪያ ለአንዱ ብቻ ይደርሳል። ሁለተኛው ዘግይቶ ይዘራል። አንድ ሰው አስቦ፣ አንድ በሬ ስቦ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። እንደ እኔ እምነት፣ ሌላ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ መነሻው ጥንድ በሬ መሆን አለበት፤ አንዱ ይበቃል የሚለው ወገን ያስረዳ። መንዝ ላይ ደግሞ ጥያቄው ወደ በግ ይዞራል። ገብሱ በውርጭ ሲመታ ቤቱን የሚያቆመው በጉ ነውና፣ እርባታው እንዳይቋረጥ የሚያስፈልጉትን ያህል እናት በጎች ከዝርዝሩ ማውጣት ከሕጉ ዓላማ የራቀ አይመስለኝም። ሙክቱ ግን ይሸጥ።

ነገሩ የሚበላሸው በጊዜ ነው። ባለዕዳው በአፈጻጸም ችሎት ሲቀርብ ወደ ዋናው ክርክር ይመለሳል፦ «ገንዘቡን አልተበደርኩም፣ ከፍዬዋለሁ»። ፍርዱ አልቋል፣ ማንም አይሰማውም። ያን ቀን መናገር የነበረበት ስለ ዝርዝሩ ነበር። የቤተሰቡን ቁጥር የሚያሳይ የቀበሌ ማስረጃና የመሬት ይዞታ ደብተሩን ይዞ፣ ይህ ይህ አይያዝብኝ ብሎ በጽሑፍ ማመልከት ይችል ነበር። በሬው ከተሸጠ በኋላ መጮህ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የመያዣ ቅጹ ራሱ ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ በአንዱ የተያዘው፣ በሌላው ያልተያዘው ከነምክንያቱ። ንብረቱን የሚመዘግበው ሰው ሁለተኛውን ዓምድ ባዶ አድርጎ ካመጣ ዳኛው ይመልሰው። ይህ አዲስ ሕግ አይፈልግም፤ አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

የሌላ ሰው ንብረት አብሮ መያዙም የተለመደ ነው። ሚስት ከቤተሰቧ ይዛ የመጣችው ላም፣ ለልጅ በስጦታ የተሰጠች ግልገል በባለዕዳው ስም ይቆጠራል። በአንቀጽ 418 የንብረቱ ባለቤት ራሱ ቀርቦ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል፤ ባሏ ስለ እሷ ቢናገር አይበቃም፣ የሚያውቁ ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ዕዳው ለቤቱ ጥቅም የተወሰደ ከሆነ ግን የጋራ ነው፣ መቃወሚያው ሩቅ አይሄድም። ለባለዕዳው ዋስ የሆነ ሰውም ውሉን ይመልከት፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ በዋስትናው ውል ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው ፈራሽ ነው።

ደመወዝተኛው በዚህ ሁሉ የተሻለ ተከልሏል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወር ደመወዙ ከሲሶ በላይ አይቆረጥበትም፣ ሒሳቡንም አሠሪው ይሠራዋል። ነጋዴውም በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ 1243/2013፣ ኪሳራ ሲታወጅ ባለገንዘቦቹ እየተሻሙ በየግላቸው እንዳይወርሱት መጠለያ አለው። ምርቱን የሚሸጥ ገበሬ በሕጉ ዓይን ነጋዴ አይደለም፤ ያ በር ለእሱ አልተከፈተም። ለእሱ ያለው አንቀጽ 404 ነው።

እሱንም ራሱ ሊያጣው ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአዋጅ 1147 እንስሳትና የእርሻ ምርት ለብድር መያዣ ሆነው ይመዘገባሉ። ብድር ለማግኘት ጥሩ ነው፤ የሚያርስበትን ጥንድ በፊርማው መያዣ ያደረገ ሰው ግን በኋላ «የማይያዝ ንብረት ነው» ብሎ ለመከራከር ይቸገራል። ሙክቱን ወይም የሚደልበውን ወይፈን ያስመዝግብ፣ የእርሻውን በሬ ይተው።

መሬቱ አይሸጥም፣ ሕገ መንግሥቱ ከልክሏል። ከዕዳ ግን አያመልጥም፤ በወለድ አገድ ይሄዳል። አበዳሪው 40,000 ብር ሰጥቶ መሬቱን ያርሳል፣ ምርቱ የወለድ ነው፣ ዋናው ብር ግን አይቀንስም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል የብድር ወለድ ጣሪያው በዓመት 12 በመቶ ነው፤ የ40,000 ብር ደግሞ 4,800 ብር ይሆናል። ዛሬ አንድ ኩንታል ጤፍ ከዚህ በላይ ያወጣል፤ ከአንድ ጥማድ መሬት ደግሞ የሚታፈሰው ከአንድ ኩንታል በላይ ስለሆነ አበዳሪው ከጣሪያው በላይ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ውል የፈረመ ሰው ዓመት በዓመት የተወሰደውን ምርት በኩንታል ጽፎ፣ ምስክር ይዞ ይቆይ፤ ሒሳብ ሲጠየቅ ከወለዱ ጣሪያ በላይ የተወሰደው ከዋናው ዕዳ እንዲቀነስለት የሚከራከረው በዚያ ወረቀት ነው።