ልጁን ለሮቦት አደራ ለሰጠ ምስጋና ይድረሰው

እሰይ፣ የዘመኑ ወላጅ! ልጅ ማጫወት ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ቶሎ ገባው። መጀመሪያ ቴሌቪዥን ከፈተለት። ቀጥሎ ታብሌት አስታቀፈው። አሁን ደግሞ ጓደኛውን ራሱን ከሱቅ ይገዛለት ጀመር።

ምስጋናው ከአሜሪካ ይጀምር። ኢምቦዲድ የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ሞክሲ የሚባል ሮቦት አስተዋወቀ። ትልልቅ ዓይን፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ማለቂያ የሌለው ትዕግሥት። ከ5 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆችን ስሜታቸውን እንዲናገሩ፣ ሲናደዱ እንዲረጋጉ፣ ከሰው ጋር እንዲግባቡ ያለማምዳል። ከሰው ጋር መግባባትን ከሰው መማርማ ጊዜ ማባከን ነው! ዋጋው ኋላ ላይ 799 ዶላር ነበር፤ ለጓደኛ አይበዛም። አክስት ብትመጣ ቡና ይፈላላታል፣ አልጋ ይነጠፍላታል፣ በዚያ ላይ «ይሄ ልጅ ለምን ከሳ?» እያለች ታሳፍራለች። ሞክሲ የሚፈልገው ቻርጅ ብቻ ነው።

ቻርጅና የኢንቨስተር ገንዘብ። ምክንያቱም ሞክሲ የሚያስበው ልጁ መኝታ ቤት ሆኖ አይደለም፤ በኢንተርኔት በኩል፣ ሩቅ ካለ ኮምፒውተር፣ ከሰርቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ሲጠበቅ የነበረው ገንዘብ ቀረና ኩባንያው ልዘጋ ነው አለ። ሮቦቱም አብሮ ሊዘጋ። አብዛኛው ገዢ ገንዘቡ እንደማይመለስለት ተነገረው። ግን ክፉ አትበሉ፤ ለልጆች የሚነበብ ደብዳቤ አዘጋጅተውላቸዋል። ልጆቹ ሲያለቅሱ ወላጆች ቀርፀው ቲክቶክ ላይ ለቀቁት። ስሜትን መግለጽ ይሉሃል ይህ ነው፤ ትምህርቱ ገብቷቸዋል! በኋላም ኩባንያው፣ ኮምፒውተር የሚችል ወላጅ ሮቦቱን ቤቱ ባለ ማሽን እንዲያንቀሳቅሰው መንገድ አበጀ። የማይችል አባት እንግዲህ ልጁ ፊት ይፈር።

ከዚያ በፊት ጂቦ የሚባል የቤተሰብ ሮቦትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሰርቨሩ ሊጠፋ እንደሆነ ራሱ ተናግሮ፣ አመስግኖ፣ ጨፍሮ ተሰናበተ። የሰው ጓደኛ እንዲህ ያለ ጨዋነት ከየት ያመጣል? የተበደረውን ሳይመልስ ስልኩን ያጠፋል እንጂ።

«ልጄ አይታዘዘኝም» ለሚል ወላጅ ደግሞ የምሥራች አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ከ7 እስከ 9 ዓመት ያሉ ልጆችን ከሮቦቶች ጋር አስቀመጠ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ ሮቦቶቹ ግን ሆን ብለው ይሳሳታሉ። ልጆቹ ከተሳሳቱት ውስጥ 74 በመቶው ሮቦቶቹ ያሉትን ቃል በቃል መድገም ነበር። በዚያው ጥናት የተፈተኑት አዋቂዎች ግን ሮቦት አንሰማም አሉ። ግትር ሁላ! እነሱንም በልጅነታቸው ሮቦት ቢያሳድጋቸው ኖሮ…

ጀርመኖች ብቻ ናቸው ቀልድ የማያውቁት። ኬይላ የምትባል የምታወራ አሻንጉሊት ነበረች። ቅርብ ያለ ማንም ሰው በብሉቱዝ ገብቶ ልጁን ሊሰማ፣ ሊያናግርም ይችላል። እንዲህ ዓይነት ማኅበራዊ ኑሮ የት ይገኛል? ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2017 «ድብቅ የስለላ መሣሪያ ናት» ብሎ ከለከላት። ወላጆችንም «ሰባብራችሁ ጣሏት» አላቸው።

ደግነቱ ዓለም ሁሉ እንደ ጀርመን አይጨክንም። እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካ ሸማቾች ተሟጋቾች ኩማ የተባለውን ተናጋሪ ድብ ፈተኑት። ቢላዋ ቤት ውስጥ የት እንደሚገኝ፣ ክብሪት እንዴት እንደሚጫር፣ ሲገፋም የመኝታ ቤት ወሬ ሳይቀር አስረዳቸው። እንዲህ ክፍት የሆነ ሞግዚት ብርቅ ነው። ጫጫታው ሲበዛ ከሽያጭ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ለገበያ ቀረበ። ልጅ እንኳ ግድግዳ ላይ ሲጽፍ ተይዞ ከዚህ የባሰ ይቀጣል።